ቅጠሉ ለምለም፣ ፍሬው ግን የለም

ከእናንተ መካከል በጓሮው ቲማቲም ወይም ቃሪያ ተክሎ፣ ተክሉ እስከ ወገቡ አድጎለት፣ ጎረቤቱ ሁሉ «እጅህ ለምለም ነው» እያለ አድንቆለት፣ በመጨረሻ ግን ለአንድ ወጥ የሚበቃ ፍሬ ያጣ ሰው አይጠፋም። የደረቀ ተክል ይነቀላል፤ ነገሩ ያልቃል። ለምለም ሆኖ የማያፈራ ተክል ግን ሰውን ግራ ያጋባል። ውኃ ይጠጣል፣ ማዳበሪያ ይበላል፣ ጉልበት ይፈጃል፣ ዕለት ዕለትም ተስፋ ይሰጣል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚህ ዓይነቱ ተክልና በእርሱ ሰበብ መነጋገር ስለ ጀመሩ አንድ ባልና ሚስት ነው። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን እንዳላነሣ አደራ ብለውኛል።

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በደሴ መንገድ ስትጓዙ፣ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ እንደ ወጣችሁ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ መኪናው ሲቆም ቆሎ ሻጮቹ በመስኮቱ ይሻማሉ፤ ጋቢያችሁን ገና አላወለቃችሁም። ከዚያ ትንሽ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ግን ሹራቡም ይከብዳችኋል። ደብረ ሲና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍታው በየ100 ሜትሩ ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ ይጨምራል ይባላል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ጉዞ የማይሞላ መንገድ ስምንትና ዘጠኝ ዲግሪ የሚያህል ለውጥ አለው ማለት ነው። ሰው ሹራቡን አውልቆ ይገላገላል። ተክል ግን የሚያወልቀው የለውም።

እኅታችን ያደገችው ከደብረ ሲና በላይ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት በሚያበቅል መንደር ነው። ባሏ የይፋት ቆላ ልጅ ነው። ተጋብተው ሸዋ ሮቢት በኖሩባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከእናቷ ቤት የነጭ ሽንኩርት ዘር አምጥታ በጓሮዋ ተክላ ነበር። ቅጠሉ አማረ፤ ስትነቅለው ግን ከሥሩ ያገኘችው እንደ ባሮ ሽንኩርት የቀጠነ ነገር ነው። ነጭ ሽንኩርት ራሱን ከፍሎ ጥርስ ለማውጣት የቅዝቃዜ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቆላ ላይ ያንን አያገኝም። እርሷ ይህን በወቅቱ አላወቀችም። «እጄ ነው እንዴ?» ብላ ነበር። ይህችን አነጋገሯን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ባልና ሚስቱ ከዕቁብ የደረሳቸውን ገንዘብ ይዘው በሮቢ ወንዝ መስኖ አጠገብ ግማሽ ሄክታር መሬት ተከራዩ። የአካባቢው ገበሬ ሽንኩርትና ቲማቲም በአብዛኛው ከመስከረም በኋላ፣ ሙቀቱ ሲረግብ ነው የሚተክለው። ባል ግን ክረምት ሲገባ ቲማቲም እንደሚወደድ አስልቶ በበጋው ማብቂያ ተከለ። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር።

ሦስት ከረጢት

ለቲማቲምና ለሽንኩርት በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲመከር የኖረው የዩሪያ መጠን በሄክታር 100 ኪሎ ነው፤ ግማሹ ችግኙ ሲዛወር፣ ግማሹ ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ። ለግማሽ ሄክታር እንግዲህ 50 ኪሎ፣ አንድ ከረጢት መሆኑ ነው። ባል የመጀመሪያውን ከረጢት ሲጨርስ ማሳው ጠቆረ፤ አረንጓዴነቱ ከሩቅ ይታይ ጀመር። መንገደኛ ቆሞ ያይ ነበር። ይህን ሲያይ ሁለተኛ ከረጢት ገዛ። አበባ ወጣ፤ አበባው ግን ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ከአንገቱ ላይ እየተቆረጠ ረገፈ። «ምግብ አንሶታል» ብሎ ሦስተኛ ከረጢት ጨመረ፤ ውኃውንም በሁለት ቀን አንዴ ማጠጣት ጀመረ።

ሚስት ሁለተኛው ከረጢት ላይ «ይበቃዋል» ብላ ነበር። «አንቺ የደጋ ሰው ቲማቲም የት ታውቂያለሽ?» አላት። ዳግመኛ አልተናገረችም። ባለትዳሮች ሆይ፣ «ዳግመኛ አልተናገረችም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በስንቶቻችን ቤት እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ።

ግንቦት ሲጋመስ ተክሉ ደረት ደርሶ፣ ግንዱ እንደ አውራ ጣት ወፍሮ፣ የቅጠሉ ጫፍ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። በእያንዳንዱ እግር ላይ የሚቆጠረው ፍሬ ሁለት ወይም ሦስት ነው። የቀን ሠራተኛ ክፍያ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ የመድኃኒት ርጭቱ ዕዳ ቤት ውስጥ ተቆለለ። ሰው ዕዳ ሲገባ በሹክሹክታ መጣላት ይጀምራል፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። በተለይ ባል የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን፣ ሚስት የመዘምራን አባል ሲሆኑ።

ባለሙያው ያየው

በመጨረሻ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ጠሩት። ከእኅታችን በዕድሜ የሚያንስ ወጣት ነው። ማሳው ውስጥ ገብቶ ቅጠሉን ገለጠ፣ አበባ ቆርጦ በጥፍሩ ሰነጠቀ፣ መሬቱን በጣቱ ጫረ። ከዚያ ያስረዳቸውን እኔ በራሴ አባባል ላስቀምጥላችሁ፤ ከእናንተ ጓሮ ላለውም ይጠቅማልና።

ዩሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ቅጠልና ግንድ ይሠራል። ፎስፈረስ ለሥርና ለአበባ፣ ፖታሲየም ለፍሬ ጥንካሬና ጣዕም ይረዳል። ተክል ናይትሮጅንና ውኃ ሞልቶ ሲፈስለት ዘር ለመተካት የሚያስቸኩለው ነገር አይኖርም፤ የሚያገኘውን ስኳር ሁሉ ወደ አዲስ ቀንበጥ ይልከዋል። አበባ ቢያወጣ እንኳ ቀንበጡ ይቀማዋል። በዚያ ላይ ቅጠሉ ሲደራረብ ከታች ጨለማና እርጥበት ይሆናል፤ ነፋስ አይገባም፣ ንብም መንገድ አታገኝም፣ የሻጋታ በሽታ ግን ይመቸዋል። የሚጠቀለለው፣ የሚጠቁረውና የሚወፍረው ተክል የራበው አይደለም፤ የጠገበው ነው። ባል ግን ጥጋቡን ረሃብ መስሎት ነበር።

ይህ አንዱ ጉዳይ ነው። ሁለተኛውን ሲናገር ወጣቱ ትንሽ አመነታ። ቲማቲም አንድ አበባ ውስጥ ወንዴውም ሴቴውም አብረው አሉት። ነፋስ ሲነቀንቀው ብናኙ ይረግፍና ፍሬ ይያዛል። የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ፣ የሌሊቱም ከ21 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ይህ ሥራ ይበላሻል። ቀድሞ የሚጎዳውም ወንዴው ክፍል ነው። ብናኙ ይመክናል ወይም ከከረጢቱ ሳይወጣ ይቀራል። ሴቴዋ ክፍል ሙቀቱን በተሻለ ትቋቋማለች። አበባዋ ግን ብናኝ ካልደረሳት ትረግፋለች፤ የምትረግፈው እርሷ ስለሆነችም ጥፋቱ የእርሷ ይመስላል።

«ጋሼ፣ አበባዋ ምንም አልሆነችም» አለው ልጁ፤ «ብናኙን ነው ሙቀቱ የመታው።»

ባል መልስ አልሰጠም። ሚስት ወደ ቦዩ ዘወር አለች። ልጁ ምን እንደ ተናገረ አላወቀም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከተጋቡ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ልጅ አልነበራቸውም።

ስለ በለሲቱ የተሰበከው

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መለስ ልበል። ያ ከመሆኑ ከአንድ ዓመት በፊት አንድ እንግዳ አገልጋይ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው መጥቶ ስለማታፈራው በለስ ሰብኮ ነበር። ስብከቱ ጥሩ ነበር ይላሉ የሰሙት። መሐል ላይ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «በመካከላችሁ ፍሬ የሌላት ማን ናት?» ሲል ጥቂት ሴቶች ሳያስቡት አንገታቸውን ወደ መዘምራኑ ወንበር መለሱ። ከዚያ ዕለት በኋላ እኅታችን ለመዘመር ስትቆም ዓይኖቿን ጨፍና ነበር። ሰው ሁሉ በመንፈስ የተነካች መስሎት ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ በለስ የተጻፉትን ሁለት ቦታዎች እስቲ በጥሞና አንብቧቸው። በማርቆስ 11 ጌታ ቅጠል ያላትን በለስ ከሩቅ አይቶ ወደ እርስዋ ሄደ። በዚያ አገር በለስ ቅጠል ስታወጣ የመጀመሪያዎቹ ትናንሽ ፍሬዎች አብረው ብቅ ይላሉ፤ ስለዚህ ቅጠሏ «ፍሬ አለኝ» የሚል ማስታወቂያ ነበር። ነገሩ የሚነካው የታይታን ሃይማኖት ነው፤ ከቤተ መቅደሱ ነጋዴዎች ታሪክ ጋር ተያይዞ የተጻፈውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለ ማሕፀን አንዳች አይናገርም። በሉቃስ 13 ደግሞ ባለቤቱ ቍረጣት ሲል አትክልተኛው አንድ ዓመት ጨምርልኝ፣ ዙሪያዋን ልኮትኩትላት፣ ፍግ ላድርግላት ብሎ ይማልዳል። በዚያ ምሳሌ ውስጥ ከአፈሩ ጋር የሚታገለው አትክልተኛው ነው፤ ዛፊቱን ማንም አልሰደባትም።

ልጅ ስለሌላቸው ባልና ሚስት መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ የሚናገርበት ቦታ ሌላ ነው። ሉቃስ 1 ላይ ስለ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ በመጀመሪያ የምናነበው ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን መሆናቸውን ነው፤ ልጅ ያልነበራቸው መሆኑ የተጻፈው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ስብከት፣ በየትኛውም መድረክ ቢሰበክ፣ ሰውን ያቆስላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ለዘብ ማለት አልችልም።

የሐናና የሕልቃናም ታሪክ አለ፤ 1ኛ ሳሙኤል 1። ሕልቃና ሐናን ይወድዳታል፤ ስለሚወድዳትም በመሥዋዕቱ በዓል ላይ ድርሻዋን አብልጦ ይሰጣታል። እርሷ ግን አትበላም፤ ታለቅሳለች። ይህን ክፍል ለብዙ ዓመት ሳነብ ሕልቃናን እንደ ጥሩ ባል ብቻ ነበር የማየው፤ ጥሩ ባልም ነው። ነገር ግን ማዕዱ ላይ ቍርስራሽ ሥጋ እየጨመረ፣ የምትፈልገው ሌላ እንደ ሆነ ሳያስተውል የቀረ ሰው ነው። ሦስት ከረጢት ዩሪያ!

የእኛም ወንድም እንዲሁ ነበር። ሚስቱን ስለሚወድዳት ስምንቱን ዓመት ሁሉ ያላዞራት የለም። ኮንፈረንስ፣ የጾም ጸሎት ፕሮግራም፣ የፈውስ አገልግሎት፤ ከአዳማ እስከ ሐዋሳ። እርሷ ሦስት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ቀርባ ተመርምራለች። እርሱ አንድ ጊዜም አልተመረመረም። ማንም አልጠየቀውም፤ እርሷም አልጠየቀችውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከስድስቱ አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ ልጅ ለመውለድ የመቸገር ሁኔታ ይገጥመዋል። ምክንያቱ በሚስት በኩል፣ በባል በኩል፣ በሁለቱም በኩል ሊሆን ይችላል፤ ምንም ምክንያት የማይገኝበት ጊዜም አለ። ሐኪሞች ባልና ሚስት አብረው እንዲመጡ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። የወንዱ ምርመራም ከሴቷ ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው። ጸሎት ይቅር እያልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ጸሎት የሚጸልይ ሰው እውነትን መፍራት የለበትም ማለቴ ነው።

ማሳው ምን ሆነ?

ወጣቱ ባለሙያ ያዘዛቸው ነገር ሁሉ የመተው ሥራ ነበር። ዩሪያውን ተዉ። ውኃውን አሳሱ፤ አፈሩ በጣት ተጭሮ ውስጡ እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ አታጠጡ። በግንዱና በቅጠሉ ብብት መካከል የሚወጣውን ቀንበጥ ልጋ ሳለ በጣታችሁ ቅንጠሱ፤ መሬት የነካውን ቅጠል አውርዱ፤ ነፋስ ይግባ። ንብ የምትሠራው በጠዋት ነውና መድኃኒት ቢያስፈልግ ወደ ማታ ርጩ። ረፋድ ላይ ድጋፍ እንጨቱን በቀስታ መታ መታ አድርጉት፤ ብናኙ ይረግፋል።

ባልና ሚስቱ ይህንን አብረው ሠሩት። ቅንጠሳ ለሁለት ሰው የሚመች ሥራ ነው፤ አንዱ በዚህ መደብ፣ ሌላው በዚያ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ይሄዳሉ። እጅ በአረንጓዴ ይጠቁራል፤ አፍ ግን ሥራ ይፈታል። በስምንት ዓመታቸው ያላወሩትን ያወሩት እዚያ መሆኑን ነግረውኛል። ስለ ስብከቱ ያን ጊዜ ነው የነገረችው። እርሱ በዚያ እሑድ በር ላይ እንግዳ ሲቀበል ስለ ነበር ምንም አላየም።

ታዲያ ማሳው በተአምር አፈራ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባላችሁ ነበር። አላፈራም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ አየሩን ሲያበርደው ጥቂት ፍሬ ያዘ፤ ብዙ ሳይቆይ እርጥበቱ የሚያመጣው በሽታ ቅጠሉን ለበለበው። የተሸጠው ሳጥን የመሬቱን ኪራይ እንኳ አልሸፈነም። ዕዳቸውን ለመክፈል አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶባቸዋል። በአፈሩ ውስጥ የቀረው ዩሪያ እንዳይባክን ተክሉን ነቅለው በቦታው ላይ ማሽላ ዘሩ፤ ማሽላ ናይትሮጅን ይወድዳልና እርሱ ተጠቀመበት። በአካባቢው የታወቀውን ማሾ ለመዝራት አስበው ባለሙያው ነው የከለከላቸው። ማሾ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ቦሎቄ ከሥራቸው ጋር በሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት አማካይነት ከአየር ላይ ናይትሮጅን ስለሚያገኙ፣ ዩሪያ የጠገበ መሬት ላይ ሲዘሩ ሐረግና ቅጠል ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ለእናንተ ጓሮ

ጓሮ ያላችሁ እዚህ ላይ ብዕር ያዙ። ቲማቲም ወይም ቃሪያ ቅጠሉ ሲበዛባችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ምን ልጨምርለት?» ሳይሆን «ምን አበዛሁበት?» የሚለውን ይሁን። ያልበሰለ ፋንድያና የዶሮ ኩስም በብዛት ከገባ እንደ ዩሪያው ነው። የምድጃ አመድ ፖታሲየም ስላለው በስሱ ቢነሰነስ ደግ ነው፤ ነገር ግን ከዩሪያ ጋር አንድ ላይ አትቀላቅሉት፤ ናይትሮጅኑ በሽታ መልክ ተንኖ ይጠፋል። ከግድግዳ ጥላ ሥር ወይም ከአቮካዶ ዛፍ በታች የተተከለ ቲማቲምም በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኘ ይረዝማል እንጂ አያፈራም። መፍትሔው ቦታ መቀየር ነው፤ ማዳበሪያ አያድነውም።

ዱባ ተክላችሁ «ያብባል አይዝም» የምትሉ ደግሞ ትንሽ ታገሡ። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ነው፤ ቀድሞ የሚመጣው ወንዴው ነው፤ አብቦ ይረግፋል፤ ይህ ተፈጥሮው ነው። ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ የምትመስል እብጠት ያላት ሴቴ ከዚያ በኋላ ትመጣለች። እርሷም ከረገፈች ንብ አልደረሰላትም ማለት ነውና፣ ጠዋት በማለዳ አንድ ወንዴ አበባ ቆርጣችሁ ቅጠሉን ገፍፋችሁ ውስጧን ዳስሷት። የእኔ እናት እንዲህ ስታደርግ አይቼ ልጅ ሳለሁ እሥቅባት ነበር።

ሽንኩርት ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በፍቅር ተነሣሥተው የዘር ፓኬት ይልኩልናል። ሽንኩርት ግን ራሱን ማሳበጥ የሚጀምረው በቀኑ ርዝመት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለበጋ የተዘጋጁት ብዙዎቹ ዝርያዎች 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚረዝም ቀን ይጠብቃሉ። የእኛ አገር ቀን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። እነዚያ ዝርያዎች እዚህ ሲተከሉ ያልመጣ ቀን እየጠበቁ ቅጠል ብቻ ያወጣሉ። እንደ አዳማ ሬድ እና ቦምቤ ሬድ ያሉት ዝርያዎች ለእኛ ቀን ይስማማሉ። ለሽንኩርትም ቢሆን ራስ መያዝ ከጀመረ በኋላ ዩሪያ አትጨምሩ፤ አንገቱ ይወፍራል፣ አይደርቅም፣ ጎተራ ውስጥ ይበሰብሳል።

ደጋ ያላችሁ ድንቻችሁ ቅጠሉ ሲያምር አትደሰቱ፣ አትዘኑም፤ አንዱን ጎን በጥንቃቄ ፈልፍላችሁ ሥሩን እዩት። ቆላ ያላችሁ ደግሞ ድንችን ባትታገሉት ይሻላችኋል። ሌሊቱ ሲሞቅ ድንች ከሥሩ ፍሬ መያዝ ይተዋል።

ደብረ ሲና ላይ

ባልና ሚስቱ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ያንኑ መሬት እንደገና ተከራዩ። በዚህ ጊዜ ሽንኩርት ተከሉ፤ ዘሩንና ዩሪያውን የገዛችው ሚስት ናት፤ አንድ ከረጢት። ጥር ላይ አይሱዙ መጥቶ ጫነላቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ይፋት ያየውን መከራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ሲቃጠል ከዚያ የሸሹ ዘመዶቻቸውን አስጠግተዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ራሳቸውም ቤታቸውን ጥለው ወጥተው ነበር። ያ ሌላ ታሪክ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ከሽንኩርቱ መከር በኋላ የሆነው ነው። በዚያው የካቲት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባል ሳትጠይቀው «ነገ ደብረ ብርሃን እንሂድ» አላት። «ለምን?» ብትለው «አንቺ ሦስት ጊዜ ሄደሻል፤ የእኔ ተራ ነው» አለ። እርሷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ እንጀራዋን ስትጋግር ቆየችና «ጋቢህን ያዝ፤ ይበርዳል» አለችው።

የምርመራው ውጤት ምን እንደ ነበር አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ዛሬ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው እዚህ ላይ አልጽፍም፤ ይህም በእነርሱ ጥያቄ ነው። የነገሩኝ ስለ መልሱ መንገድ ነው። አውቶቡሱ ደብረ ሲና ሲቆም ባል በመስኮቱ ሁለት ጥቅል ቆሎ ገዛና አንዱን ሰጣት። እርሷ የራሷን ጨርሳ ከእርሱ መዝገን ጀመረች። ጣርማ በርን አልፈው ከወረዱ በኋላ ጉሙ ለቅቋቸው ነበር፤ ከታች የይፋት ቆላ እስከ አፋር በረሓ ድረስ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። «መሬታችን የት ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ወደ እርሷ መስኮት ጠጋ ብሎ በጣቱ ሊያሳያት ሞከረ። ከዚያ ርቀት ግን የሚታየው አረንጓዴ ብቻ ነው።